የኤም እናት እዚሁ ናት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ነው የምኖረው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው እትማችሁ ኢትዮጵያውያን ኤም በሚባለው የእናት የዘር ሐረግ በኩል ከሕንድ የመጡ ናቸው የሚል ጽሑፍ አውጥታችኋል። ከሥሩም ካርታ አለ፤ ከሕንድ ተነስቶ ቀጥ ብሎ እኛ ላይ የሚያርፍ አንድ ቀይ ቀስት ያለበት። እሱን አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ።

ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው አልልም። እንደዛ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፣ ስቀን እናልፈው ነበር። ያስቸገረው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው።

እዚህ ፒያሳ አካባቢ ጋዜጣ ተከራይተን፣ ማኪያቶ ይዘን የምናነብ ሰዎች አለን። ያን ቀን አንዷ ጋዜጣ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ዋለች። በዕድሜ ጠና ያሉ አንድ ሰውዬ «ድሮ ሒሳብ ያስተማሩን ሕንዶች ለካስ ዘመዶቻችን ኖረዋል፣ ታዲያ ለምን ይጥሉን ነበር?» ብለው አሳቁን። ከጎናቸው የነበረው ልጅ ግን አልሳቀም። ወዲያው ነባሩ ማነው መጤው ማነው ወደሚለው ክርክር ገባ፣ ጋዜጣችሁንም እንደ ማስረጃ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። በዚህ ዘመን በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ክርክር የት እንደሚያደርስ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ለማንኛውም ወደ ጉዳዩ ልግባ። ጽሑፋችሁ የኤምን ስም ደጋግሞ ጠራ እንጂ ማን እንደሆነች አልነገረንም።

ማይቶኮንድሪያን ተማሪ ሁሉ «የሴል ኃይል ማመንጫ» ብሎ ይሸመድደዋል። ይቺ ማመንጫ የራሷ የሆነ ትንሽ ዲኤንኤ አላት፤ 16,569 ፊደልና 37 ጂን ብቻ። ኒውክለስ ውስጥ ካለው ሦስት ቢሊዮን ፊደል ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ግን አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። እኔም እህቴም ከእናታችን ወስደናል። እህቴ ለልጆቿ ታስተላልፋለች፤ የኔው እኔ ላይ ያበቃል። ልጆቼ የያዙት የእናታቸውን ነው።

ሲወረስ ሲወረስ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይቀየራል። ያ ለውጥ ከዚያች ሴት በሴት በሴት በወረዱት ሁሉ ላይ ይገኛል። ተመራማሪዎች ይህንን እየተከተሉ ነው ግንዱንና ቅርንጫፉን የሚለዩት፤ ቅርንጫፉንም ሃፕሎግሩፕ ይሉታል። ኤም ማለት እንግዲህ ከ50,000 እስከ 60,000 ዓመት በፊት የኖረች የአንዲት ሴት፣ በሴት በሴት የወረዱ የልጅ ልጆች በሙሉ ናቸው። የአንዲት ሴት! ፊደሏ ደግሞ ምንም የተለየ ትርጉም የለውም። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ብለው የጀመሩት ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ነው፣ ሌላው እየተገኘ ሲመጣ ተከታዩን ፊደል እየሰጡት ሄዱ።

ይህን ክፍል ውስጥ ሳስተምር አንድ ነገር እሞክራለሁ። ተማሪ አስነስቼ እስከ ሰባት ቤት ቁጠር እለዋለሁ። ኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ተነስቶ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን እያለ ሰባቱንም ሳይተነፍስ አወረዳቸው፤ ክፍሉ አጨበጨበ። «አሁን ደግሞ በእናትህ በኩል፣ በሴት በሴት ብቻ» አልኩት። የእናቱን ስም ጠራ። የሴት አያቱን ጠራ። ከዚያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። በማግስቱ ቤት ጠይቆ መጣ፤ የአያቱን እናት ሁሉም «እምዬ» ነበር የሚሏት፣ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም አለኝ። እኛ የረሳነውን ይህን ሐረግ ነው ማይቶኮንድሪያ መዝግቦ የያዘው፣ ያለ ስም።

ወደ ኤም ልመለስ። ኤም ከሰማይ አልወረደችም፣ እናት አላት። እናቷ ኤል3 ትባላለች። የኖረችው ከ70,000 ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን አብዛኛው ተመራማሪ አገሯን ምሥራቅ አፍሪካ ያደርገዋል፤ እኛው አካባቢ ማለት ነው። ከኤል3 ብዙ ቅርንጫፎች ወጥተዋል። ከነዚያ ውስጥ ሁለቱ ብቻ፣ ኤምና ኤን፣ ከአፍሪካ ውጭ ያለውን ዓለም ሞሉት። የቶኪዮዋም፣ የኦስሎዋም፣ የአንዲስ ተራራ ገበሬዋም የእናት ሐረጋቸው ወደ ኋላ ሲቆጠር ከሁለቱ አንዷ ጋ ይደርሳል። የቀሩት የኤል3 ቅርንጫፎች እዚሁ ቀሩ። ሩቅ ሳንሄድ፣ በጋሞ ደጋ ሞታ በሚባል ዋሻ (ጎጃም ያለችው ሞጣ አይደለችም) እ.ኤ.አ. በ2012 የአንድ ሰው አጽም ተገኝቷል። 4,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው። ዲኤንኤው በ2015 ሲታተም የእናቱ ሐረግ የኤል3 ቅርንጫፍ ሆኖ ተገኘ። ይህ የጋሞ ሰው ለኤም ልጆች የአክስት ልጅ ሆነ ማለት ነው። ጽሑፋችሁ ይህን አንድም ቦታ አላነሳም፤ እኔን በጣም የገረመኝ እሱ ነው።

ከአፍሪካ የወጡት በየት ነው ለሚለው አንዳንዱ ሲና ይላል፣ አንዳንዱ ባብ ኤል መንደብን ይመርጣል። ዛሬ የባብ ኤል መንደብ ጠባብ ቦታ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ በበረዶው ዘመን ባሕሩ ዝቅ ብሎ ስለነበር መሻገሪያው ከዛሬው ይጠብ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የእስያ ታሪክ ነው፣ እሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ሕንድ ውስጥ ከአሥር ሰው ስድስቱ ያህል በእናቱ ኤም ነው። ቅርንጫፉ በዛ ያለ ነው፤ ኤም2 የምትባለው ከጥንታውያኑ አንዷ ስትሆን ደቡብ ሕንድ ላይ ትበረታለች። ወደ ባሕሩ ስትገቡ የአንዳማን ደሴቶች አሉ። የደሴቶቹ ነባር ሰዎች ኤም31 እና ኤም32 ናቸው፣ ማለትም ከሌላው ዓለም ተነጥለው ለረጅም ዘመን የቆዩ የኤም ልጆች። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ መጽሔት በአንድ እትሙ ሁለት ጥናት አወጣ፤ አንዱ የአንዳማን ሰዎችን፣ ሌላው የማሌዥያን ነባር ሕዝቦች የተመለከተ። ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ሰዎቹ ከአፍሪካ እንደወጡ የባሕሩን ዳር ይዘው፣ ዓሣና ቀንድ አውጣ እየለቀሙ፣ በጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ እስከ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ደረሱ። በዚያ ፍጥነት ስለተበተኑ ነው በየቦታው ያለው የኤም ቅርንጫፍ በቀጥታ ከግንዱ የሚነሳው።

ከዚያ ወደ ሰሜንም ወደ ምሥራቅም ነው። ጃፓን ውስጥ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ዲ4 ነው፤ ዲ የኤም ልጅ ናት። ኮሪያና ሰሜን ቻይናም ዲ4 በብዛት አለች። ኤም7 ከኦኪናዋ እስከ ፊሊፒንስ ተዘርግታለች። ኤም9 ቲቤት ተራራ ላይ ወጥታለች። ኢ የምትባለው ታይዋን፣ ፊሊፒንስና ኢንዶኔዥያ ደሴት ለደሴት ስትሄድ ኪው ኒው ጊኒ ላይ ቀረች። ሲ እና ዜድ እህትማማቾች ናቸው። ዜድ ሳይቤሪያን አቋርጣ ስካንዲኔቪያ ሰሜን ጫፍ አጋዘን የሚያረቡት የሳሚ ሰዎች ጋ ደረሰች፤ ሲ ደግሞ ከዲ ጋር ሆና ቤሪንግን ተሻግራ አሜሪካ ገባች። ፊደል የወጣላቸው የመጀመሪያዎቹ ሲ እና ዲ እንግዲህ እነዚህ ናቸው።

እዚህ ኢንዱስትሪ ፓርካችን ውስጥ የስሪላንካ፣ የሕንድ፣ የኢንዶኔዥያና የቻይና ሰዎች ሲሠሩ አይተናል። ሰብስባችሁ ብትመረምሯቸው ብዙዎቹ ኤም ይሆናሉ፤ ቅርንጫፋቸው ግን ለየቅል ነው። አንዱን ከሌላው የሚያገናኛቸው የዛሬ 50,000 ዓመቷ አያት ናት። በዚህ ሒሳብ ዘመድ ነን ከተባለ መላው ዓለም ዘመድ ነው፣ ለቅሶ መድረስም አይቻልም።

አሁን ወደ እኛዋ ልምጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ኤም አለች፣ እውነት ነው። በአማራም፣ በትግራይም፣ በኦሮሞም ሰው ላይ ተገኝታለች። ግን የኛዋ ኤም1 ናት። ኤም1 የምትገኘው ምሥራቅና ሰሜን አፍሪካ፣ እንዲሁም በጥቂቱ መካከለኛው ምሥራቅና ሜዲትራኒያን አካባቢ ነው። የሕንድ ነባር ቅርንጫፎች ውስጥ ኤም1 የለችም። በቃ የለችም። ሕንዶቹ ኤም2፣ ኤም3 እያሉ ብዙ አላቸው፤ የኛዋ ግን እዚያ አልተገኘችም። ታዲያ ያ ቀይ ቀስት ከየት መጣ?

እንዴት እንደተፈጠረ እገምታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት የኢትዮጵያንና የሕንድን ኤም ጎን ለጎን አስቀምጦ ነበር። ያ ጥናት ያለው ግን የእናንተን ተቃራኒ ነው፤ ኤም ከምሥራቅ አፍሪካ ተነስታ ወደ ሕንድ ሄደች ነው ያለው። በ2006 ሌላ ቡድን መጣና አይደለም አለ። ኤም1፣ ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ከምትገኘው፣ ዩ6 ከምትባል ሌላ የእናት ሐረግ ጋር፣ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ከምዕራብ እስያ ወደ አፍሪካ ተመልሳ የገባች ናት አለ። ዛሬ ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛውን ይቀበላል፣ እኔም ሚዛን የሚደፋው እሱ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ሞሮኮ ውስጥ ታፎራልት ከሚባል ዋሻ የወጡ 15,000 ዓመት ያለፋቸው የሰባት ሰዎች የእናት ሐረግ ታተመ፤ ስድስቱ ዩ6፣ አንዱ ኤም1። ያኔ የሚያርስ ሰው የለም፣ ከብት የሚያረባ የለም፣ ጤፍ የሚባል እህል የሚያውቅ የለም። ዛሬ እኛ እገሌ እገሌ የምንባባልባቸው ሕዝቦች አንዳቸውም በስማቸው አልነበሩም።

ስለዚህ ኤም1 ከውጭ ተመልሳ ገብታም ከሆነ የገባችው ማንኛችንም ማንኛችንን ነባር ወይም መጤ ለማለት ከሚያስችለን ጊዜ በፊት ነው። ማኪያቶ ቤቱ ውስጥ የነበረውን ልጅ ይህንኑ ነግሬዋለሁ። አልተዋጠለትም።

አንድ ሌላም ነገር አለ። ዛሬ ማን የት አለ የሚለውን አይቶ ቀስት መሳል አደገኛ ነው። አውሮፓ ዛሬ ኤም ከቁጥር የማትገባ ናት። ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ቤልጅየምና ፈረንሳይ ውስጥ ከበረዶው ዘመን ክፉ ጊዜ በፊት የኖሩ ሦስት ሰዎች ኤም ሆነው አግኝቷል። በረዶው ሲበረታ ሐረጉ ጠፋ። የእናት ሐረግ ሲጠፋ ደግሞ ጦርነት ወይም ቸነፈር የግድ አያስፈልገውም። አንዲት ሴት ወንዶች ብቻ ከወለደች የሷ መስመር በዚያው ያበቃል፤ ልጆቿ ግን ይበዛሉ፣ ይከብራሉ፣ አገር ይሞላሉ።

ደግሞም ይህ ሐረግ አንድ ክር ብቻ ነው። ከአሥር ትውልድ በፊት እያንዳንዳችን 1,024 የአያት ቦታ አለን። ማይቶኮንድሪያ ስለ አንዷ ብቻ ነው የሚነግረን፤ ስለ 1,023ቱ ምንም አይልም። የእናቴ እህት ልጅ ካናዳ ነው ያለችው። ምራቋን በቱቦ ልካ ተመረመረችና ውጤቱን በቤተሰባችን ቴሌግራም ለጠፈችው፤ በእናት በኩል ኤም1። ወዲያው «እስያዊ ነን እንዴ?» ጥያቄ ተከተለ፣ አንዱ አጎቴማ ሩዝ አብዝቶ የሚወደው ለዚህ ነው አለ። እኔ ደግሞ እናቶቻችን እህትማማቾች ስለሆኑ የሷ ውጤት የኔም መሆኑን ገባኝ፤ አንድ ብር ሳልከፍል ኤም1 ሆንኩ። ከዚህ ውጭ ስለኔ የነገረኝ ነገር የለም፣ ስለ አባቴም፣ ስለ አባቴ እናትም አንዲት ቃል የለውም።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ማስተካከያ አውጡ። ካርታው ላይ መጀመሪያ ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ እስያ የሚሄድ ቀስት ይሳል። ከዚያ ከምዕራብ እስያ ወደ አፍሪካ የሚመለሰው ይሳል፣ በነጠብጣብ ቢሆን ይሻላል፣ ክርክሩ አልተዘጋምና። ከሕንድ የሚመጣው ይጥፋ። ከየቀስቱ ጎን ዓመቱን ጻፉበት፤ ዓመቱ ከሌለ ሰው ትናንት የሆነ ይመስለዋል። ማስተካከያው ደግሞ ጽሑፉ በወጣበት ገጽ ይሁን፤ እንደተለመደው ከጨረታ ማስታወቂያ ሥር ተሸጉጦ እንዳይወጣ አደራ።

ከሰላምታ ጋር
የባዮሎጂ መምህር፣ ከሐዋሳ