ሆደ ባሻ ልጅን መጽሐፍ ቅዱስ ከየት እናስጀምር?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና አካባቢ ነው። የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። በ2016 ዓ.ም. በጸጥታው ምክንያት በብዙ የጎጃም ወረዳዎች ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔና ባለቤቴ ቤት ማስተማር ጀመርን፤ እስካሁንም እንደዚያው ነን። ፊደሉንም ቁጥሩንም እንደምንም ተወጣነው። ያስቸገረን መጽሐፍ ቅዱሱ ነው። እኔ ተሳስቻለሁ፣ ሌላው ወላጅ እንዳይሳሳት ብዬ ነው የምጽፈው።

ልጄ ሆደ ባሻ ናት። ድምፅ ከፍ ካለባት ዓይኗ እንባ ይሞላል። ዶሮ ሲታረድ ጓሮ ዝር አትልም። ጎረቤት «አልቃሻ» ይላታል፤ ይህን ቃል ቤቴ ውስጥ ከልክያለሁ። እናቷን ራሷን ሲያማት ማንም ሳይነግራት ሻሽ አርጥባ የምታመጣው ያቺው አልቃሻ የተባለችው ናት።

አሜሪካ ያለችው እህቴም ልጆቿን ቤት ነው የምታስተምረው። የምትጠቀምበትን መጽሐፍ በቴሌግራም ላከችልኝ። ከዘፍጥረት ይጀምራል፤ በየሳምንቱ አንድ ታሪክ፣ አንድ በቃል የሚያዝ ጥቅስ፣ መጨረሻ ላይ ጥያቄ አለው፣ ለመለሰ ልጅ ኮከብ ይለጠፍለታል። እየተረጎምኩ ጀመርኩ። ፍጥረቱ በሰላም አለፈ። የጥፋት ውሃ ላይ ስንደርስ «መርከቡ ውስጥ ያልገቡት ሕፃናትስ?» አለችኝ። «ክፉዎች ነበሩ» ብዬ አለፍኩት። የመጀመሪያው ጥፋቴ እሱ ነው። ከዚያ ይስሐቅ መጣ።

ጥሩ አድርጌ የነገርኳት መስሎኝ ነበር። አብርሃም እንጨቱን እንዳሸከመው፣ ልጁ «በጉ ወዴት ነው?» ብሎ እንደጠየቀ፣ ቢላዋው እንደተነሣ። መልአኩንም፣ ቀንዱ በዕፀ ሳቤቅ የተያዘውን በግም፣ ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ግን በጉ ጋ አልደረሰችም፤ ቢላዋው ላይ ቀርታለች። ይህንን ያወቅኩት የፋሲካ ዋዜማ ነው። ደጃፍ ተቀምጬ ቢላዋ በሞረድ ስስል ልጂቱ ጠፋች። ብንጠራ ብንጠራ የለችም። አልጋ ሥር ነው ያገኘናት፣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ። አቅፌ ሳወጣት በጆሮዬ «አባዬ፣ አንተንም እግዚአብሔር ቢጠይቅህ እሺ ትላለህ?» አለችኝ።

«አልጠየቀኝም፣ አይጠይቀኝምም፤ በጉን ያመጣው እሱ ራሱ ነው» አልኳት። ዝም አለች። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሲነጋጋ እኔ ራሴ በልጅነቴ ከየት እንደጀመርኩ አሰብኩ። በእኛ አገር የኔታ ልጅን ከዘፍጥረት አያስጀምሩም። ሀሁ፣ አቡጊዳ፣ ከዚያ የዮሐንስ መልእክት፣ ከዚያ የዮሐንስ ወንጌል፣ ከዚያ ዳዊት። ቅደም ተከተሉን የአብነት ተማሪ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ግን የዮሐንስን መልእክት ያነበነብኩት በግእዝ ነው፤ ቃሉን ነው እንጂ ትርጉሙን አልያዝኩም፣ ደግሞ የንባቡን ዜማ፣ ተነሹንና ወዳቂውን፣ ባሳትኩ ቁጥር አለንጋው ነበር። ስለዚህ ምን እንዳነበብኩ ሳላውቅ ነው ያደግኩት። ያን ጧት በአማርኛ ገለጥኩት። «ልጆቼ ሆይ» እያለ ይጠራል፣ ደጋግሞ፣ እንደ ሽማግሌ አባት። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ደግሞ «ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ ይጥላል» ይላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአፌ ይዤው የኖርኩት ነገር ነው! አባቶች ለጀማሪ ልጅ ይህን መልእክት የመረጡት ለንባብ ስለሚቀል ይሁን ለሌላ፣ እኔ ለልጄ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁላትም።

እንደ አዲስ ጀመርን። ኮከቡንም ጥያቄውንም ተውኩት። እህቴ በኋላ እንደነገረችኝ ሻርሎት ሜሰን የምትባል፣ እ.ኤ.አ. በ1923 ያረፈች እንግሊዛዊት አስተማሪ ነበረች፤ ለትንንሽ ልጆች ትምህርቱ ከሃያ ደቂቃ አይለፍ፣ ልጁም ፈተና ከመፈተን ይልቅ የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ ይንገር ትል ነበር። ይህ በጣም ጠቀመን። ማታ እራት ሳይቀርብ አንድ ክፍል አነባለሁ፣ ከዚያ መጽሐፉን እዘጋለሁ። መናገር ከፈለገች ትናገራለች፣ ካልፈለገችም ይቅር።

ከዳዊት «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውን ወደደችው፤ የአያቷን በጎች ስለምታውቅ። ከሁሉ በላይ የያዘችው ግን ኤልያስን ነው። ነቢዩ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ምድረ በዳ ገባ፣ ሞቱን ለመነ፣ ዛፍ ሥር ተኛ። መልአክ ቀሰቀሰው፤ በራስጌው እንጎቻና ውሃ ነበረ። እናቷ እንጀራ ስትጋግር ሁልጊዜ ለእሷ እንጎቻ ታወጣላታለችና ልጄ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። መልሳ ስትነግረኝ «አልተቆጣውም። መጀመሪያ እንጎቻ ሰጠው፣ ከዚያ ደግሞ አስተኛው» አለች። ቀጥሎ ያለውን፣ እግዚአብሔር በነፋሱም በነውጡም በእሳቱም ሳይሆን በትንሽ ድምፅ እንደመጣ የሚለውን፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩላት። ድገመው አለችኝ።

አንዳንድ ሰው «ልጅ ካልፈራ ፈሪሃ እግዚአብሔር ከየት ይመጣል?» ይለኛል። እኔ እንዲህ እላለሁ፦ አልጋ ሥር የተደበቀች ልጅ እግዚአብሔርን አላከበረችም፣ ሸሸችው እንጂ። አዳምም ፈርቶ ነው የተሸሸገው። «ወዴት ነህ?» ብሎ የፈለገው ማን ነው ታዲያ? ከባዱን ታሪክ ለዘላለም ልደብቃት አይደለም። ጊዜውን ጠብቆ ይደርሳል፤ እስከዚያ ግን የሚወዳትን ትወቅ።

አዘጋጆችም ሆናችሁ በሰንበት ትምህርት ቤት የምታገለግሉ ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቤት ለሚያስተምር ወላጅ የሚሆን ነገር አዘጋጁልን። የትኛው ታሪክ በስንት ዓመቱ፣ የትኛው ይቆይ፣ ልጁ «ሕፃናቱስ?» ብሎ ሲጠይቅ ምን ይባላል። ፈተናና ማስፈራሪያ የሌለበት፣ በቀላል አማርኛ። እንደኔ እየተረጎመ የሚሳሳት ወላጅ ብዙ ነው። ጋዜጣችሁም ለዚህ ትንሽ ቦታ ቢሰጥ ደስ ይለኛል።

አሁን የዮሐንስ ወንጌል ላይ ነን፤ ስቅለቱ ፊታችን ነው። ብዙ ካሰብኩ በኋላ ሃያኛውንና ሃያ አንደኛውን ምዕራፍ አስቀድሜ አነበብኩላት። ጌታ በአትክልቱ ቦታ «ማርያም» ብሎ በስሟ ሲጠራት፣ በባሕሩ ዳር ዓሣ ጠብሶ «ኑ፥ ምሳ ብሉ» ሲላቸው ሰምታለች። አሥራ ዘጠነኛውን በሚመጣው ሳምንት እንጀምራለን። ሆደ ባሻ ልጅ ኖራችሁ ይህን ምዕራፍ ያለፋችሁበት ወላጆች ካላችሁ፣ እንዴት እንደነገራችኋት በዚሁ ጋዜጣ ጻፉልኝ።

የአንዲት ልጅ አባት
ከቢቸና አካባቢ