የታሪክ ክበብ የዓመቱ ሥራ፦ ከአድዋ እስከ ማርሲኔል

የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ የመጀመሪያውን መንፈቅ ያሳለፈው እንደ ወትሮው ነው። የካቲት 23ን አከበርን፤ ግጥም ተነበበ፤ ከካርቶን ጋሻና ጦር ተሠራ፤ ወላጆችም አጨበጨቡ።

ብዙ የምጽፈው ስለ ሁለተኛው መንፈቅ ነው። ብራስልስ የተወለዱ ልጆቻችን የሚኖሩበትን አገር ታሪክም በአማርኛ እንዲወያዩበት ብዬ፣ ሻርለርዋ አጠገብ ማርሲኔል ስላለው የቧ ዱ ካዚየ የድንጋይ ከሰል ማዕድን እንድናጠና ሐሳብ አቀረብኩ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 8 ቀን 1956፣ በእኛ ነሐሴ 2 ቀን 1948 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ 262 ሠራተኞች ያለቁበት ጉድጓድ ነው። 136ቱ ጣሊያኖች እንደነበሩ ስናገር ከኋላ አንድ ልጅ «ጣሊያኖች? እነዚያው?» አለ። የካርቶን ጋሻዎቹ ገና ከግድግዳው አልወረዱም ነበር። ሁላችንም ሳቅን፤ ጥያቄው ግን የሚናቅ አልነበረም።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1946ቱ ስምምነት ጀመርን። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያደቀቃት ጣሊያን 50,000 ሠራተኞች ወደ ቤልጂየም ልትልክ፣ ቤልጂየም ደግሞ ከሰል ልትሸጥላት ተዋዋሉ። መንግሥት ሰው ልኮ ከሰል ገዛ ማለት ነው። የመጡት አብዛኞቹ ድሆች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ቀድሞ የጦር ምርኮኞች በታጎሩባቸው ሰፈሮች እንዲኖሩ ተደረገ። ያ ልጅ ይህን ከሰማ በኋላ ያቀረበው ጥያቄ ሌላ ነበር፦ «ታዲያ ለምን ተመልሰው አልሄዱም?» መልሱን ከወላጆቹ እንዲጠይቅ ነገርኩት። እነሱም ያውቁታል።

በሚያዝያ ቦታውን ጎበኘን። ዛሬ ሙዚየም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ልጆቹ ረጅም ጊዜ የቆሙት በሟቾቹ ፎቶግራፎች ፊት ነው። የ12 አገር ሰዎች ናቸው፤ ቤልጂየማውያኑ ብቻ 95 ናቸው። በዚያ ጠዋት 275 ሰዎች ወርደው በሕይወት የወጡት 13 ብቻ ናቸው። ሚስቶችና እናቶች የብረቱን በር ይዘው ለቀናት ጠበቁ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከነፍስ አድን ሠራተኞቹ አንዱ ወጥቶ በጣሊያንኛ «ሁሉም ሬሳ ነው» አለ።

ስንመለስ ክርክር ተነሣ። አደጋው የጀመረው 975 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው፤ አንድ ፉርጎ አሳንሰሩ ውስጥ በትክክል ሳይገባ ቀረ። በታችና በላይ ባሉት መካከል መልእክት ተዛብቶ አሳንሰሩ ተነሣ። ወጣ ያለው ፉርጎ የዘይት ቧንቧውንና የኤሌክትሪክ ገመዶቹን በጠሰ፤ እሳትም ተነሣ። ከልጆቹ ብዙዎቹ ጣታቸውን የቀሰሩት ፉርጎውን በገፋው ሠራተኛ ላይ ነው። እኔ ግን አልተስማማሁም። ሰው ይሳሳታል፤ ያንን ስሕተት ወደ 262 ሞት የለወጠው ዘይትን፣ የኤሌክትሪክ ገመድንና የታመቀ አየርን እንጨት በበዛበት አንድ ጉድጓድ ውስጥ ጎን ለጎን ያስኬደው አሠራር ነው። ፍርድ ቤቱ በመጨረሻ የቀጣው አንድ መሐንዲስ ብቻ ነው፤ ያውም በገደብ። የአሥራ አራት ዓመቷ ጸሐፊያችን ይህን በቃለ ጉባኤው «ርካሽ ፍርድ» ብላ መዘገበችው፤ አላረምኩባትም።

አንዳንድ ወላጆች «ከሰል ከአማርኛ ጋር ምን አገናኘው?» ብለውኛል። በወላጆች ቀን ልጆቹ ያቀረቡትን ሰምታችኋል። አባቶቻቸውና እናቶቻቸው ቤልጂየም ሲደርሱ መጀመሪያ ምን ሥራ እንደሠሩ ጠይቀው፣ በራሳቸው አማርኛ ጽፈው ነበር። የሌሊት ጽዳት፣ የሆቴል ወጥ ቤት፣ የመጋዘን ሸክም። እንዲህ ያለ ድርሰት በሰዋስው መልመጃ አግኝቼ አላውቅም።

ነሐሴ 2 ትምህርት ቤቱ ዝግ ቢሆንም ወደ መታሰቢያው እሄዳለሁ። ደወሉ ለሟቾቹ 262 ጊዜ ይደወላል። እሳቱ የተነሣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ10 ላይ ስለሆነ ሥነ ሥርዓቱም በማለዳ ነው፤ አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ ቤተሰብ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ይመዝገብ፤ መኪና ያላችሁም ስንት ሰው እንደምትይዙ ንገሩኝ።