ቅንድብ ማንሳት «አዎ» ማለት ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ኦቲዝም ያለባቸው ተማሪዎች የሰውን ፊትና ምልክት እንዲረዱ ስለማስተማር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሱቄ ውስጥ ሆኜ አነበብኩት። ደግ አደረጋችሁ። ነገር ግን አብረው የወጡት የሚስቁና የሚያኮርፉ የሥዕል ፊቶች ለእኔ ልጅ ብዙም አይጠቅሙትም። እሱን ያስቸገረው የደሴ ሰው ነው።

ልጄ 12 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ሰኞ ገበያ አጠገብ ባለችው ሱቃችን ያግዘኛል፤ ሂሳብ ላይ አይታማም። አንድ ቀን ስኳር ለገዛ ሰው «ፌስታል ልስጥዎ?» አለው። ሰውየው ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ትንፋሹን «እ» ብሎ ወደ ውስጥ ሳበ። ልጄ መልስ ይጠብቃል። ደግሞ ጠየቀ። በሦስተኛው ሰውየው «ታሾፍብኛለህ እንዴ?» ብሎ ስኳሩን መንጭቆ ወጣ። አብሽር አልኩት። ለካ ያቺን «እ» እኔም አስተምሬው አላውቅም!

ማታ ተለማመድን። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ከተሳበ አዎ፤ ምላስ «ጽ» ካለ አይ፤ መዳፍ ወደ ታች ሆኖ ጣት ከተጣጠፈ ና። በዱቤው ደብተር ጀርባ ጻፈው። «ነገ እከፍላለሁ» ምን ማለት እንደሆነም ጠይቆኝ ነበር፤ እሱን እኔም አልደረስኩበትም።

ዓይን ዓይን እያዩ መናገርን ማስለመድ የሚለው ምክራችሁ ግን ይቅርብን። እናቴ ትልቅ ሰው ፊት ዓይንህን ሰበር አድርግ ትለዋለች፣ ትምህርት ቤት ደግሞ ቀና በል ይሉታል። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ዓይን ማየት እንደሚያስጨንቃቸው ራሳቸው ይናገራሉ። ልጄም ደህና አድርጎ የሚሰማኝ መሬት መሬት ሲያይ ነው።

ዘንድሮ አንድ መምህር ዝም እንዲል አፈጠጡበት። እሱ ከልቡ «ቲቸር፣ ዓይንዎን አመመዎ?» አላቸው። ክፍሉ ሳቀ፤ ልጄ ተንበረከከ። «ዝም በል» ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

ራሱም ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊው ምሁር ዳሚያን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 እንደጻፈው፣ አለመግባባቱ ኦቲዝም ያለበትም የሌለበትም፣ የሁለቱም ወገን ነው። ልጄ ሲጨንቀው የሚዛኑን ድንጋዮች ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረድራል። ይህን አይቶ «ምን ሆንክ?» ያለው ደንበኛ እስካሁን አላየሁም። ነገሩን የነገርኩት አንድ የባጃጅ ሹፌር ግን አሁን ልጄ ባንኮኒው ላይ ሲሆን ቅንድቡን ትቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አዎ፣ ፌስታል ስጠኝ» ይላል።

የልጁ እናት፣ ከደሴ