ከቀለሙ ስር ላሉት እጆች፦ የምስጋና መልእክት

ባለፈው እሁድ የአባታችን ቮልስ ታድሳ በራሷ ጉልበት ከግቢ ወጣች። ከካራ ተነስተን ለገጣፎ ደርሰን ተመለስን። አባታችን ከጎኔ ነበሩ። መንገድ ላይ ያየን ሁሉ እጁን እያውለበለበ፣ ክላክስ እያደረገ አለፈ። ስንመለስ ደግሞ ሰው ከቦን «ቀለሟ እንዴት ያምራል!» አለን። እውነት ነው፣ ያምራል። ይህን መልእክት የምጽፈው ግን ስለ ቀለሙ አይደለም። ከቀለሙ ስር ስላለው፣ ከእንግዲህ ማንም ስለማያየው ሥራ ነው። እሱን የሠራችሁት እናንተ ናችሁ።

ስማችሁን አንድ በአንድ ብጠራ ደስ ባለኝ። «የኔን እንዳታነሳ» ብላችሁ ያስጠነቀቃችሁኝ ስላላችሁ ግን የማንንም አልጠራም። ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ለማታውቁን፣ መኪናዋ የ1972 ሞዴል ቮልስዋገን ቢትል ናት፤ ባለ 1300 ሞተር። አባታችን አስተማሪ ነበሩ። ስለ ቮልስ ከተነሳ አሁንም ማስተማር ይጀምራሉ። ልክ በዚያ ዓመት፣ በእኛ የካቲት 1964 ዓ.ም.፣ የቢትል ምርት ከ15 ሚሊዮን አልፎ የፎርድ ሞዴል ቲን ክብረ ወሰን እንደሰበረ ይነግሯችኋል። የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. እስክትመረት ድረስ ቁጥሩ ከ21 ሚሊዮን እንዳለፈም ይጨምራሉ። ሁላችንንም ትምህርት ቤት ያደረሰችን ይህችው የእኛ ቮልስ ናት። አባታችን ስትሮክ ከመታቸው በኋላ ግን ቁልፏን አልነኩም። ቮልሷም ባሕር ዛፉ ስር ሸራ ለብሳ ቀረች።

«ሽጧትና ተገላገሉ» ያለን ብዙ ነው። እኔ አልተዋጠልኝም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ግቢህ ውስጥ የቆመን፣ አባትህ የሚወዱትን ነገር ለቁራሌው አትሰጥም። እዚሁ ቤታችን እናድሳት አልን።

ቮልስ ላይ አካሉና ወለሉ የተለያዩ ናቸው። በብሎን ነው የሚያያዙት። ብሎኖቹ ሲፈቱ የሰፈር ልጆች ግራና ቀኝ ይዛችሁ አካሉን አነሳችሁና ግንድ ላይ አስቀመጣችሁት። ጉዱ የወጣው ያኔ ነው። በበሮቹ ስር፣ ከሞተሩ በኩል ሙቅ አየር ወደ ፊት የሚያመጣ ውስጡ ባዶ የላሜራ ቦይ አለ። ውሃ ከገባበት ቶሎ አይወጣም፤ ብረቱ ከውስጥ ይበላል። ከኋላ ወንበር ስር ባትሪው የሚቀመጥበት ወለልም በአሲድ ተበልቶ ወንፊት ሆኖ ነበር።

ከዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ ይህንኑ ቦይ «አድሰነዋል» ብሎ ከአባታችን ገንዘብ ተቀብሏል። የሠራው ሥራ ጨርቅና ስፖንጅ ቦዩ ውስጥ መጠቅጠቅ፣ በላዩ ስቱኮ የሚባለውን ማለስለሻ ሊጥ መለጠፍ፣ ከዚያ መቀባት ነበር። አዲሱን ላሜራ መበየድ ስንጀምር ያ ጨርቅ ከውስጥ እሳት ያዘ። መጀመሪያ ነበልባል አልነበረም፤ ጭስ ብቻ። ቦዩን ተከትሎ ወደ ፊት ሄደ፣ ከዚያ አሮጌው ሬንጅ ተቀጣጠለ። ከላያችን ያለው ሸራ ነው። ከሸራው ቀጥሎ የቤቱ ጣሪያ ነው።

እትዬ፣ ልብስ የሚያጥቡበትን ሳፋ ከነሳሙናው ተሸክመው በአጥሩ በር ሲገቡ ዓይኔ ላይ አለ። ባለ ሱቁ ወንድሜ፣ ሱቅህን ከፍተህ ትተህ እርጥብ ጆንያ ይዘህ መጣህ። ማዶ ፎቅ የምትሠሩት ወንድሞች፣ ከነአካፋችሁ ደርሳችሁ አሸዋ ቦዩ ውስጥ አፈሰሳችሁበት፤ እሳቱን የገደለው እሱ ነው። ሁለታችሁ ልጆች ደግሞ ማንም ሳያዛችሁ አባታችንን ከነወንበራቸው አንስታችሁ መንገድ ላይ አወጣችኋቸው። አንዳችሁ ጃኬታችሁን አልብሳችኋቸው አጠገባቸው ቆማችሁ ነበር። ማንም አልተጎዳም። ማታም ጭስ እንዳለ ለማየት በየተራ መጣችሁ። ይህን በምን ቃል እንደማመሰግን አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ያስቀጠለኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ፣ ዕድሜዎን በባትላሜራ ሥራ ያሳለፉ ሰው መሆንዎን ሳላውቅ ስንት ዘመን ጎረቤት ሆነናል! በማግስቱ ጠዋት መዶሻዎችዎን በከረጢት ይዘው መጡ። መጀመሪያ መቁረጫውን ከእጄ ተቀበሉኝ። «በሩ የሚገባበትን ክፍት ሳትደግፍ ቦዩን ከቆረጥክ አካሉ ይጎብጣል፤ ከዚያ በሩን ዘጋለሁ ብትል አይዘጋም» አሉኝ። ቱቦ ብረት አስለክተው በግራም በቀኝም አስበየዱበት። ዛሬ ሁለቱም በሮች በሁለት ጣት ገፋ ሲያደርጓቸው ይዘጋሉ።

የግራው ፓራፋንጎ (የጎማው መሸፈኛ ላሜራ) ላይ የሠሩትን ሁሉም ሰው ባየ ብዬ እመኛለሁ። ብረቱ ተመትቶ ተለጥጧል። በአንድ በኩል ሲገፉት በሌላ በኩል ይወጣል። እርስዎ የሳንቲም ያህል ቦታ እስኪቀላ በእሳት አጋሉ። ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ እያሉ መቱ፣ ከበስተኋላው በብረት እየደገፉ። ወዲያው እርጥብ ጨርቅ ጣል አደረጉበት። ቸስ አለ። የተለጠጠው ላሜራ ተሰበሰበ። ቀጥሎ ሌላ ነጥብ፣ ቀጥሎ ሌላ። ሲጨርሱ ስስ ጨርቅ በመዳፍዎ ስር አድርገው፣ ዓይንዎን ጨፍነው ፓራፋንጎውን ከላይ እስከ ታች ዳበሱት። «እዚህ ጋ ሆድ አለው» አሉ። እኔ ዓይኔን አፍጥጬ ምንም አላየሁም። እጄን በጨርቁ ላይ ሳሳርፍ ግን ነበረ።

ስቱኮ የመጨረሻ ማለስለሻ እንጂ የጉድጓድ መሙያ አይደለም የሚለው እምነትዎ አሁን የኔም ነው። ክፍያ በተነሳ ቁጥር ወሬውን ወደ ኳስ ይቀይሩብኛል። ስለዚህ እዚሁ በአደባባይ ልበል፦ ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

የሶማሌ ተራ ወንድሞች፣ የቀኙን ፓራፋንጎና ሁለቱን የበር ማጠፊያዎች ከየት እንዳወጣችሁ እናንተ ናችሁ የምታውቁት። ያልተበላ ፓራፋንጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። የምናለሽ ተራው ወዳጃችን፣ በካርቶን የቆረጥነውን ልክ አይተህ ባለ 1.2 ሚሊ ሜትር ላሜራ አጥፈህ ቦዩን እንደ አዲስ ሠራህልን። አመሰግናለሁ።

አሁን የቮልስ አፍቃሪዎች ሊቆጡኝ የሚችሉበት ቦታ ደረስኩ። ኦርጅናል ይዞታዋን ነክተናል። ሰፊ ጎማ ግጠሙላት፣ ዝቅ አድርጓት ያሉን ነበሩ፤ እሱን አልፈለግንም። አባታችን ግን ግራ እግራቸው እንደ ልብ አይታጠፍም። መኪናዋ ብትታደስና እሳቸው መግባት ካልቻሉ ለኔ ምንም አልተሠራም። ስለዚህ የቀኙ የፊት ወንበር ሐዲድ ወደ ኋላ ረዘመ። በበሩ በኩል መርገጫው በወፍራም ላሜራ ተጠናከረ። ጣሪያውን የያዘው ምሰሶ ላይም መያዣ ተበየደ። የምሰሶው ላሜራ ስስ ስለሆነ ከውስጥ ተጨማሪ ብረት ገብቶለታል፤ ሰው ክብደቱን ቢጥልበት አይነቃነቅም።

ይህን የሠራሽው ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ብየዳ የምትማሪው እህታችን ነሽ። መብራት ሲጠፋ ወደ ቤትሽ ሄደሽ፣ ሲመጣ ደግሞ መሸ ሳትዪ ወንድምሽን አስከትለሽ ትመለሺ ነበር። ስስ ላሜራ በአንድ መስመር ከተበየደ በሙቀት ይጣመማል። አንቺ እዚህ አንድ ነጥብ፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ሌላ ነጥብ እያልሽ፣ እስኪበርድ እየጠበቅሽ ሄድሽ። እኔ ስቸኩል አንቺ አልቸኮልሽም። አባታችን ያን መያዣ ይዘው ያለ ሰው እገዛ ሲገቡ እናታችን እልልታዋን አቀለጠችው። ያ እልልታ ያንቺ ነው።

ኤሌትራውቶው (የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያው) ወንድሜ፣ አንተንም አልረሳሁም። የኋላው ወንበር ስፕሪንግ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ከነካ እሳት እንደሚያስነሳ የነገርከን አንተ ነህ። ለባትሪው ክዳን ሳትሠራ ወንበሩን አላስገባህም። አንዴ እሳት ላየ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ክረምቱ ሲገባ ስቱኮው እርጥበት እንዳይጠጣ በፕራይመር መሸፈን ነበረበት። ሸራ ያዋሳችሁን ጎረቤቶች፣ ሥራውን ያዳናችሁት እናንተ ናችሁ። ቀለም በተረጨበት ቀን ደግሞ የሲኖትራክ ሾፌሮች ጠጠራችሁን እስከ እኩለ ቀን አቆያችሁት፤ ልጆቹ መንገዱ ላይ ውሃ እየረጫችሁ አቧራውን ያዛችሁልን። ሰማያዊው ላይ አንድም የአሸዋ ቅንጣት የለም።

አራስ የነበርሽው ጎረቤታችን፣ ያን ሁሉ የመዶሻና የግራይንደር ጩኸት ችለሻል። «ዝም በሉ» አላልሽንም። ሕፃኑ የሚተኛበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፈሽ በራችን ላይ ለጠፍሽልን። እኛም በዚያ ሰዓት በእጅ ብርጭቆ ወረቀት ስንፈትግ እንውል ነበር። ልጅሽን ያሳድግልሽ።

የተረፈ ላሜራ፣ ፕራይመርና ቱቦ ብረት ግቢያችን ውስጥ አለ። አጥር ወይም በር የሚጠግን ካለ መጥቶ ይውሰድ። የመጪው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና ይፈላል፤ አባታችን ሁላችሁንም ይጠብቋችኋል። በእግር መምጣት የሚከብዳችሁ ደውሉ፤ ቮልሷን ይዘን መጥተን እንወስዳችኋለን።

ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈልልን።

ቤተሰቡ፣ ካራ