ዲትሮይት ፋብሪካ ብቻ አልነበረችም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ አሜሪካዋ ከተማ ዲትሮይት የመኪና ፋብሪካዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን ቅር ያለኝ ነገር አለ። ሰራተኛው ከሰማይ ዱብ ያለ ይመስል፣ ማን እንዳስቀጠረው አንድ መስመር የለም። የስንቱን ጥቁር ሰራተኛ ቅጥር የጨረሰው እኮ ፓስተሩ ነው!

የመኪና ኩባንያው ፎርድ በ1914 ለቀን 5 ዶላር እከፍላለሁ አለ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ወዲያው አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና ከአውሮፓ የሚገባው ሰራተኛ ቀጥ አለ። በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች በአላባማና በጆርጂያ የነበረው ጥቁር ገበሬ የጥጥ ማሳውን እየተወ በባቡር ይጎርፍ ጀመር። በ1910 በከተማዋ 6 ሺህ የማይሞላው ጥቁር ነዋሪ በ1930 120 ሺህ ደረሰ። ይህ ሁሉ ሰው እሁድ እሁድ የት ይግባ? በ1836 ከባርነት በወጡ 13 ሰዎች የተመሰረተው ሴኮንድ ባፕቲስት የተባለው ቤተክርስቲያን ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ የሰው ሳሎንም፣ ባዶ ሱቅም ጥቂት ወንበር ከተደረደረበት ቤተክርስቲያን ሆነ። ባፕቲስት የሚባለው የፕሮቴስታንት ክፍል ደግሞ ጳጳስ የለው፣ ፈቃድ የሚጠይቀው የበላይ የለው፤ ምእመኑ ተስማምቶ ፓስተር ከመረጠ አለቀ። በየሰፈሩ እንደዚያ የፈሉት ለዚህ ይመስለኛል። የታመመ የሚጠየቅበት፣ የሞተ የሚቀበርበት፣ ጸሎት የታከለበት እድር በሉት።

አሁን ወደ ፎርድ። የሴኮንድ ባፕቲስቱ ፓስተር ሮበርት ብራድቢ ለኩባንያው ሰው ይመርጥለት ነበር። እገሌ ጨዋ ነው፣ ታታሪ ነው ብሎ ከጻፈለት በሩ ይከፈትለታል። ስራ ፈላጊው ታዲያ የት ሄዶ አባል ይሆናል? ግልጽ ነው። ጣጣው በኋላ መጣ። የሰራተኛ ማህበር ይቋቋም ሲባል ብዙ ፓስተሮች ዝም አሉ፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ ከፎርድ ጎን ቆሙ። አልፈርድባቸውም፣ ምእመኑ ከስራ ከተባረረ መባው ከየት ይመጣል? ግን የሃርትፎርድ አቬኑ ባፕቲስቱ ፓስተር ቻርለስ ሂልም እኮ ያው ስጋት ነበረበት፤ እሱ ቤተክርስቲያኑን ለማህበሩ ስብሰባ ከፈተ። በ1941 ከአድማው በኋላ ፎርድ ከማህበሩ ጋር ተፈራረመ። እናንተ አድማውን አንስታችሁ ሂልን ዘለላችሁት።

ቀጣይ ክፍል ካላችሁ ኒው ቤቴል ቤተክርስቲያንንም አትርሱት፣ የዘፋኟ የአሬታ ፍራንክሊን አባት በፓስተርነት ያገለገሉበትን። ሄስቲንግስ መንገድ ላይ ነበር። ሰፈሩ ለፈጣን መንገድ ሲፈርስ፣ በ1963 ሊንውድ መንገድ ላይ ወደሚገኝ የድሮ ቲያትር ቤት ተዛወረ።

አንባቢያችሁ