ቀዩን ቀለም ቀስ ብለን እንየው

ውድ አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ያወጣችሁትን፣ ካንሰር የበዛበትን ወረዳ በቀይ የሚያሳየውን ካርታ አየሁት። ሥዕሉ ያምራል። ግን አንዲት ትንሽ ወረዳ ደማቅ ቀይ ስትቀባ ነዋሪው ይደነግጣል። ስንት ሰው ታሞ ነው ቀይ የሆነችው? አልተጻፈም።

ትንሽ ቦታ ላይ ቁጥር ያታልላል። የስኮትላንድን የከንፈር ካንሰር ካርታ ልጥቀስ። ከ1975 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. በ56 ወረዳዎች የተሰበሰበ ነው። ስካይ-ሎካልሽ በሚባለው ወረዳ በነዋሪው ብዛትና ዕድሜ ሲሰላ የሚጠበቀው 1.4 ታማሚ ነበር፤ የተገኘው 9። ከስድስት እጥፍ በላይ! ትዊድዴል ላይ ደግሞ ወደ 2 ሲጠበቅ አንድም አልተገኘም። ታዲያ እዚያ በሽታው የለም ሊባል ነው? አንድ ሰው ብቻ ቢታመም ቀለሙ ይቀየር ነበር እኮ።

ለዚህ ነው የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጥሬውን ቁጥር እንዳለ የማይቀቡት። ነዋሪው ጥቂት ለሆነ ወረዳ ከጎረቤቶቹ መረጃ ይበደሩለታል፤ ግምቱም ወደ አካባቢው አማካይ ይሳባል። ሕዝብ የበዛበት ወረዳ ግን እምብዛም አይነቃነቅም፤ የራሱ መረጃ ይበቃዋል። (ብድሩ ሲበዛ እውነተኛውን ችግርም ይሸፍናል፤ ይሄም አለ።) በስኮትላንድ በእርሻና በዓሣ ማጥመድ የሚተዳደረው ሰው የበዛባቸው ወረዳዎች ቁጥራቸው ከፍ ይል ነበር። እነዚህ ሰዎች ውጭ ስለሚውሉ ፀሐይ የተጠረጠረችው ለዚህ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ከገጠር ለሕክምና መጥቶ የዘመድ አድራሻ የሚያስመዘግብ ሰው ካለ፣ ቀይ የሚሆነው የዘመዱ ሰፈር ነው።

በሚቀጥለው ካርታ ሥር ስንት ታማሚ በስንት ዓመት እንደተቆጠረ ብትጽፉልን?

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ