ባቡር በመርከብ ሲሻገር፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ከአንቺ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከስኮትላንዷ ኤድንብራ የላክሽውን፣ በፎርዝ የባሕር ወሽመጥ ላይ የተዘረጋውን የፎርዝ የባቡር ድልድይ ፎቶግራፍ እናትሽ በስልኳ እያጎላች ስታሳየኝ ያን ቀይ ብረት ደጋግሜ ተመለከትሁት። «አባባ፣ ይህ ድልድይ ሳይሠራ በፊት ባቡሩ በምን ይሻገር ነበር?» ብለሽ ስትጠይቂኝ በስልክ የመለስሁልሽ መልስ ለራሴም ስላላረካኝ ብዕር አንሥቻለሁ።

ድልድዩ የተከፈተው በ1890 ነው፤ በዚህ ደብዳቤ ዓመቱንም፣ ወሩንም፣ ቀኑንም በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ። ከዚያ በፊት በነበሩት 40 ዓመታት የጭነት ፉርጎዎች የሚሻገሩት በመርከብ ነበር። በከተማሽ ዳር ካለው ከግራንተን ወደብ እስከ ማዶው በርንታይላንድ ድረስ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ውኃ ስላለ ሐዲዱ በሁለቱም በኩል እባሕሩ አፍ ላይ ደርሶ ይቆማል። ይህ ከመጀመሩ በፊት ዕቃው ከፉርጎ ወደ መርከብ፣ ከመርከብም እንደገና ወደ ፉርጎ በሰው ጉልበት ሲገለበጥ ጊዜውም ይባክን፣ የሚሰበረውም ይሰበር ነበር። በ1849 የዚያ የባቡር መስመር ሥራ አስኪያጅ ሆኖ የተሾመው ወጣቱ መሐንዲስ ቶማስ ባውች ታዲያ ፉርጎው ጭነቱን እንደያዘ መርከብ ላይ እንዲወጣ አሰበ።

መርከብ ላይ ሐዲድ መዘርጋት ማንም የሚችለው ነው። ጭንቁ ያለው መሬቱና መርከቡ በሚገናኙበት ክንድ በማይሞላ ቦታ ላይ ነው። እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለውም ልዩነት የአንድ ፎቅ ቤት ቁመት ያህላል። የየብሱ ሐዲድ ካለበት አይነቃነቅም፤ የመርከቡ ሐዲድ ግን ከውኃው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ባውች ወደ ውኃው የሚወርድ የድንጋይ ተዳፋት አሠርቶ ሐዲድ አነጠፈበት፤ በዚያ ሐዲድ ላይም መንኮራኩር ያለው ከባድ መድረክ አኖረ። ባሕሩ ሲሞላ መድረኩ በሞተር ኃይል ሽቅብ ይሳባል፣ ሲጎድል ቁልቁል ይለቀቃል፤ ከጫፉ ላይ በማጠፊያ የተያያዙት ወጋግራዎች ደግሞ እንደ ምላስ ተዘርግተው መርከቡ ላይ ያርፋሉ። ከላይ የቆመ የእንፋሎት ሞተር ፉርጎዎቹን በገመድ ይዞ ያወርዳል፣ ይስባል። መርከቢቱን የነደፋት ቶማስ ግሬንጀር፣ የሠራት ሮበርት ኔፒየር ሲሆን፣ ስሟም ሌቪያታን፣ ማለትም መጽሐፍ ቅዱሳችን ሌዋታን የሚለው የባሕር አውሬ ነው። በየካቲት 1850 ሥራ ስትጀምር 34 ፉርጎ ትጭን ነበር። መንገደኛው ግን ከባቡሩ ወርዶ በእግሩ ወደ ሌላ መርከብ ይሄድ እንደነበር ልብ በይ። ይህን ጥንቃቄ እወድላቸዋለሁ።

የምወድበትም ምክንያት አለኝ። በወጣትነቴ በባቡር ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ቀን ከፉርጎ ጎማ ሥር ታኮ ማድረግ ረስቼ ሻይ ልጠጣ ሄድሁ። ሜዳ የሚመስለው ቦታ ለካ ጥቂት ያዘነብል ኖሯል፤ ፉርጎው ድምፅ ሳያሰማ ተንከባልሎ ከሐዲዱ ማብቂያ ግንድ ጋር ሲላተም ብርጭቆዬን እንደያዝሁ ሮጥሁ። ሰው አልተጎዳም። ከግንዱ ወዲያ ግን ውኃ ቢሆን ኖሮ እያልሁ ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ።

ውኃ የሆነበት ቦታ ግብፅ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሮበርት ስቲቨንሰን ከእስክንድርያ ወደ ካይሮ የሚወስደውን ሐዲድ ሲዘረጋ ካፍር ኤል ዛያት ላይ ከአባይ ወንዝ ደረሰ። በዚያ ጭንቁ የባሕር ሙላት ሳይሆን ከእኛ ደጋ ወርዶ በየክረምቱ ወንዙን የሚያስነሣው ጎርፍ ነበር። ሰረገላዎቹ በተንሳፋፊ መድረክ ላይ ሆነው ይሻገሩ ነበር። በግንቦት 15 ቀን 1858 የግብፅ አልጋ ወራሽ የነበረውን አሕመድ ሪፍዓት ፓሻን የያዘው ልዩ ባቡር ከመድረኩ ላይ ወንዙ ውስጥ ገባ፤ ልዑሉም ሰጠመ። ስቲቨንሰን ከዚህ በኋላ በዚያው ቦታ 500 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውና መርከብ ሲመጣ ዞሮ የሚከፈት ድልድይ ሠራ።

ነገሩ ግን በድልድይ አላበቃም። ወራሹ ሲሞት ተራው ለታናሽ ወንድሙ ለኢስማኢል ደረሰ፤ ኢስማኢልም በ1863 አልጋውን ያዘ። በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራ ላይ አፄ ዮሐንስ ድል የመቱት ጦር ይኸው ኢስማኢል ፓሻ የላከው ነው። አሕመድ ቢነግሥ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር መናገር የእኔ ሥራ አይደለም፤ ጉንደትን በትምህርት ቤት ስናጠና ግን ስለዚያ መድረክ የነገረን አልነበረም።

ወደ ባውች ልመለስ። ያ የውኃን ጠባይ እንዲህ ያጠና ሰው በኋላ በዚያው በስኮትላንድ በቴይ ወንዝ ላይ ረጅም ድልድይ ሠርቶ በ1878 ተከፈተለት፤ በማግሥቱም ዓመት ንግሥት ቪክቶሪያ የ«ሰር» ማዕረግ ሰጠችው። በታኅሣሥ 28 ቀን 1879 ምሽት በነበረው ዐውሎ ነፋስ የድልድዩ መካከል ባቡሩን እንደያዘ ወደቀ፤ 75 ያህል ሰው አለቀ። ምርመራው እንዳሳየው ለነፋስ ግፊት ተገቢው ስሌት አልተሠራም፤ የብረት ዓምዶቹም ሲቀለጡ የቀረባቸው ክፍተት በሰም፣ በሙጫ፣ በብረት ፍቅፋቂና በጥቀርሻ ተለቅልቆ ቀለም ተቀብቶበት ነበር። ባውች በዓመቱ ሞተ። ለፎርዝ የነደፈውም ድልድይ ተትቶ አንቺ ፎቶግራፍ ያነሣሽውን መሐንዲሶቹ ፋውለርና ቤከር ሠሩት፤ በምሰሶዎቹ መካከል ያሉት የሁለቱ ታላላቅ ክፍተቶች ስፋት እያንዳንዱ 521 ሜትር ነው። ብረቱ እንዲያ የወፈረው የቴይ ፍርሃት ገና ከሰው ልብ ሳይወጣ ስለተሠራ ይመስለኛል።

ግራንተን ከአንቺ ዘንድ ሩቅ አይደለምና አንድ እሑድ ባሕሩ የሚጎድልበትን ሰዓት ጠይቀሽ ውረጂ። የድንጋዩ ተዳፋት ቅሪት ከተገኘ ከዳር ሆነሽ አንሺልኝ፤ ስንት እርምጃ እንደሚሆንም ቆጥረሽ ጻፊልኝ። ድንጋዩ አረንጓዴ ካበቀለ ያንሸራትታልና አትርገጪው።

አባትሽ